የግል ፓይለት ለመሆን የትኛው ሥልጠና ይሻላል? ከሰዓቱ በፊት ቀጠሮውን እዩ

አውሮፕላን ማብረር ሊማር የተነሳ ሰው ትምህርት ቤት ማፈላለግ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያጋጥመው ቁጥር ነው። አንዱ «በ35 ሰዓት» ይላል። ሌላው «40 ሰዓት»። ሦስተኛው ደግሞ «20 ሰዓት ይበቃል» ብሎ ይመጣል። እዚህ ሙያ ውስጥ ሰዓት ማለት ገንዘብ ነው። የአውሮፕላኑ ኪራይም የአስተማሪው ክፍያም የሚታሰበው በሰዓት ነው። ስለዚህ ትንሹን ቁጥር መምረጥ ብልህነት ይመስላል።

ችግሩ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ከዚህ በታች መፈተን እንደማይቻል ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ አይናገርም።

35 እና 40 የሚሉት ቁጥሮች ያሉት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአይካኦ መለኪያ ውስጥ ነው፤ ወደ 20ው በኋላ እንመለሳለን። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት አባሪ 1 የአብራሪዎችን ፈቃድ ይመለከታል። በዚያ መሠረት የግል ፓይለት ቢያንስ 17 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 40 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት። ሥልጠናው በጸደቀ ኮርስ ከተሰጠ 35 ይበቃል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ ሶሎ ነው፤ ተማሪው ብቻውን የሚበረው። አንዱ የሶሎ ጉዞ ደግሞ ከ270 ኪሎ ሜትር ያላነሰ፣ በመንገዱም ሁለት ሌሎች ኤርፖርቶች ላይ የሚታረፍበት ነው። አገሮች ይህን ይዘው የየራሳቸውን ይጨምራሉ። የአውሮፓው ደንብ ለምሳሌ ወደ 45 ሰዓት ከፍ አድርጎታል።

ክርክሩ በጣም የሚጦፈው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍ.ኤ.ኤ.፣ ሁለት መንገድ ከፍቷል። ሰዉ በደንቡ ቁጥር «ፓርት 61» እና «ፓርት 141» እያለ ይጠራቸዋል። ፓርት 61 ላላ ያለ ነው። ፈቃድ ያለው አስተማሪና ለሥልጠና የሚሆን አውሮፕላን ካለ ሥልጠና አለ። የትምህርቱን ቅደም ተከተል የሚያወጣው አስተማሪው ነው። ቲዎሪውን ቤት ቁጭ ብሎ ማጥናት ይቻላል፤ ለጽሑፍ ፈተና መድረሳችሁን አስተማሪው ይፈርማል። ዝቅተኛው ሰዓት 40 ነው፤ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ሶሎ። ከአስተማሪ ጋር ከሚበረረው ውስጥ 3 ሰዓት የሌሊት በረራ፣ 3 ሰዓት ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ማብረር፣ 3 ሰዓት ደግሞ ከኤርፖርት ወደ ኤርፖርት የሚደረግ ክሮስ ካንትሪ መኖር አለበት።

ፓርት 141 ጠበቅ ይላል። ሥርዓተ ትምህርቱን ኤፍ.ኤ.ኤ. ራሱ ያጸድቀዋል። ዋና አስተማሪ ተብሎ የተሾመ ሰው አለ። የእያንዳንዱ ተማሪ መዝገብ ይያዛል፤ ይመረመራልም። የክፍል ትምህርቱ 35 ሰዓት ነው፤ መቅረት የለም። በየደረጃው «ስቴጅ ቼክ» የሚባል የውስጥ ፈተና አለ። ብዙውን ጊዜ የሚፈትነው የራሳችሁ አስተማሪ ሳይሆን ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ምትክ ዝቅተኛው የበረራ ሰዓት ወደ 35 ይወርዳል።

ሲያልቅ የሚሰጠው ላይሰንስ ግን አንድ ነው። በየትኛው መንገድ እንደመጣችሁ ካርዱ ላይ አይጻፍም። የመጨረሻው ፈተና፣ ቼክራይድ የሚባለው፣ መለኪያውም አንድ ነው።

ታዲያ 5 ሰዓት ማትረፍ ምን ይጠላል? ምንም። የሚያተርፈው ሰው ከተገኘ። በአሜሪካ አብዛኛው ተማሪ ቼክራይድ ላይ የሚቀመጠው ከ60 ሰዓት በላይ በሮ ነው። 70 እና 75 መድረስም የተለመደ ነው። 65ኛው ሰዓት ላይ ለሚፈተን ሰው ዝቅተኛው 35 ሆነ 40 ሆነ ምንም አይለውጥለትም። ስለዚህ የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ 40 የነበረው እንዴት 70 ይሆናል?

መልሱ ያለው አንዲት ሰዓት ውስጥ ነው። የሥልጠና አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ሆብስ ሜትር የምትባል ትንሽ ቆጣሪ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ግፊት ሲመጣ መቁጠር ትጀምራለች። በአሥረኛ ነው የምትቆጥረው፤ በየ6 ደቂቃው አንድ ቁጥር ትዘላለች። የምትከፍሉት እሷ ያለችውን ነው። አሁን አውሮፕላኑ ሴስና 172 ነው እንበል። ሞተር ተነሳ። ሬዲዮ ተከፈተ፣ የአየር ሁኔታው ተሰማ፣ ከመቆጣጠሪያ ማማ ፈቃድ ተጠየቀ። ቀስ እያሉ በታክሲ መንገዱ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ መሄድ አለ። እዚያ ቆሞ ሞተሩን ወደ 1,800 ዙር ከፍ አድርጎ ማግኔቶዎቹን፣ የሞተሩን ሻማዎች የሚያቀጣጥሉትን ሁለት መሣሪያዎች፣ መፈተሽ አለ፤ ቁልፉን ወደ አንዱ ማዞር፣ ዙሩ ስንት እንደወረደ ማየት፣ መመለስ፣ ወደ ሌላው ማዞር። ከዚያ ተራ መጠበቅ። ፊት ለፊት ሦስት አውሮፕላን ካለ ቆጣሪዋ ሁለት ሦስቴ ዘላለች። ተነስቶ ወደ ልምምድ ሰማዩ ለመድረስ ደግሞ ሌላ 10 ደቂቃ። መመለሻውም እንደዚያው። ከአንዱ ሰዓት ለእውነተኛ ትምህርት የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ያንን ግማሽ ሰዓት ምን ላይ ታውሉታላችሁ? በሳምንት ሦስቴ የሚበር ተማሪ ካቆመበት ይቀጥላል። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣው ግን መጀመሪያ የረሳውን ማስታወስ አለበት። ማረፍን እንይ። አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ዓይን ከማኮብኮቢያው አፍ ተነስቶ ወደ ሩቁ ጫፍ መሄድ አለበት። እጅ ደግሞ መሪውን በጥቂቱ፣ እየጨመረ እየጨመረ፣ ወደ ራሱ ይስባል። ቶሎ ከሳበ አውሮፕላኑ ይንሳፈፍና ከላይ ዱብ ይላል። ዘግይቶ ከሳበ በአፍንጫው ጎማ ይነጥራል። ይህ በመጽሐፍ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ የእጅና የዓይን ነገር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ተማሪው ያንን ለመመለስ አራት አምስት ጊዜ አርፎ ይነሳል፣ እጁ ሲመለስለት ሰዓቱ አልቋል። የዛሬውን አልተማረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያው ነው። በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ማለት ይህ ነው፤ ፓርት 61ም ሆነ ፓርት 141 ቀዳዳውን አይደፍኑትም።

በእኔ ግምት ከሥልጠናው ዓይነት ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው ይህ ነው። በሳምንት ስንቴ ትበራላችሁ? ከማን ጋር? አውሮፕላኑስ በቀጠሯችሁ ቀን ይገኛል ወይስ ጥገና ላይ ነው? ለመላው ኮርስ የሚበቃ ገንዘብ በእጃቸው ሳይኖር የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። ደመወዝ በመጣ ቁጥር አንድ በረራ ይበርራሉ። ርካሽ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ግን በጣም ውዱ መንገድ እሱ ነው። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ ቲዎሪውን በዚያ ጊዜ ጨርሶ፣ ከዚያ በሳምንት ሦስቴ መብረር ይሻላል።

ይህ እንግዲህ የፓርት 141ን እውነተኛ ጥቅም ያሳያል፤ ጥቅሙ 5 ሰዓቱ አይደለም። ጥብቅ ፕሮግራም ያለው ትምህርት ቤት በሳምንት ይህን ያህል ቀን ትመጣለህ ብሎ ይይዝሃል። ስቴጅ ቼኩም መጥፎ ልማድ ሥር ሳይሰድ ሌላ ዓይን እንዲያየው ያደርጋል። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ግን ያንን ፕሮግራም ላይችለው ይችላል። ያኔ ፓርት 61 ይመቸዋል። ዛሬ የጎን ነፋስ ካለ አስተማሪው ዕቅዱን ትቶ የጎን ነፋስ ማረፊያ ሊያለማምደው ይችላል። ሁለቱንም ዓይነት ጎን ለጎን የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች እንዳሉም መዘንጋት አያስፈልግም። በፓርት 61 እያስተማሩ የ141 ዓይነት ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉም ሞልተዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አስተማሪው ነው። በአሜሪካ የበረራ አስተማሪዎች በብዛት ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ማስተማሩን የያዙት ሰዓት ለመሙላት ነው። ምክንያቱ ሩቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 በቡፋሎ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች ሞቱ። ኮንግረሱ በቀጣዩ ዓመት ሕግ አወጣ። ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። (የዚያች አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ እንደነበራቸው ልብ ይሏል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።) ንግድ ፓይለት፣ ማለትም በክፍያ ማብረር የሚችል፣ የሚሆነው ሰው ያን ጊዜ 250 ሰዓት አካባቢ ነው ያለው። ቀሪውን ከየት ያመጣዋል? እናንተን እያስተማረ።

ስለዚህ አየር መንገዶች ቅጥር ሲከፍቱ አስተማሪዎች ይሄዳሉ። ተማሪው መሀል ላይ ይቀራል። አዲሱ አስተማሪ ያለፈውን አምኖ አይቀጥልም፤ መቀጠልም የለበትም፤ በፊርማው ብቻችሁን የሚለቃችሁ እሱ ነውና። «እስቲ ስቶል አሳየኝ፣ እስቲ እረፍ» ይላል፤ ስቶል ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው የሚመጣው ነው። ሁለት ሦስት በረራ ለመተዋወቅ ይሄዳል። አስተማሪ ሁለቴ ከተቀየረ ያ የተከራከርንበት 5 ሰዓት እንደዋዛ አለቀ። እዚህ ላይ ፓርት 141 ትንሽ ይሻላል፣ መዝገቡ ሥርዓት ስላለው። በሌላ በኩል ግን ለአየር መንገድ የሚሮጡት አስተማሪዎች በብዛት የሚገኙት በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ነው። ትንሽ ክለብ ውስጥ፣ ጡረታ የወጣ፣ የትም የማይሄድ አስተማሪ ማግኘት እንደ ሎተሪ ነው። ካገኛችሁት የደንቡን ቁጥር እርሱት።

በሁለት ሦስት ሳምንት ጨርሱ የሚሉ የተፋጠኑ ኮርሶችም አሉ። አይሠራም አልልም። በየቀኑ መብረር መርሳትን ይከላከላል። ቲዎሪውን ቀድሞ የጨረሰ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ፣ ጥቂት ሰዓት የበረረ ሰው ቢገባበት ሊያዋጣው ይችላል። ከዜሮ የሚጀምር ግን ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ዝናብና ደመና ቀጠሮ አያከብሩም፤ አምስት ቀን ከተዘጋ ኮርሱ ፈረሰ። ሁለተኛ፣ ጭንቅላት ይሞላል። በቀን ሁለቴ በሮ ማታ የአየር ክልል ደንብ ማጥናት በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰሞኑን ምርጫውን የቀየረው ሌላ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ከ2004 ጀምሮ «ስፖርት ፓይለት» የሚባል አነስተኛ ፈቃድ አላት። ዝቅተኛው ሰዓት 20 ነው። ለረጅም ጊዜ ግን በጣም ቀላል በሆኑ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች የተገደበ ስለነበር ብዙ ሰው አልፈለገውም፤ ትምህርት ቤቶችም አውሮፕላኑ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ሞዛይክ የተባለው ደንብ ጸደቀ፣ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የአብራሪዎቹ መብት ሰፋ። አሁን መለኪያው የአውሮፕላኑ ክብደት ሳይሆን በዝግታ መብረር መቻሉ ነው። ስለዚህ ስፖርት ፓይለት እስከ አራት መቀመጫ ያለውን ማብረር ይችላል፤ ብዙዎቹ ሴስና 172ዎች ውስጡ ይገባሉ። ይዞ መብረር የሚችለው ግን አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው። አራት መቀመጫ፣ ሁለት ሰው።

በአውሮፓ የሚቀራረበው ላፕል የሚባለው የቀላል አውሮፕላን ፈቃድ ነው። 30 ሰዓት ይጠይቃል። እስከ 2,000 ኪሎ ግራም በሚመዝን አውሮፕላን እስከ ሦስት ተሳፋሪ ይጫንበታል፤ ያውም ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ብቻን 10 ሰዓት ከበረሩ ወዲህ። ሁለቱም ፈቃዶች ከአይካኦ መለኪያ በታች ስለሆኑ ስፖርት ፓይለቱ ከአሜሪካ፣ ላፕሉ ደግሞ የአውሮፓው ደንብ ከሚሠራባቸው አገሮች ሲወጣ ችግር አለ። ከዚያ ውጭ ባለ አገር አውሮፕላን ተከራይቶ መብረር ወይም ፈቃዱን ወደዚያ ማዛወር የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው ሙሉውን የግል ፓይለት ቢይዝ ይሻለዋል። በቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሩ ኤርፖርት ተነስቶ ተመልሶ ማረፍ ለሚፈልግ ግን ትንሹ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ በቂ ነው። የበረረው ሰዓትም አይባክንም፤ ወደ ላይ ለማደግ ሲፈልግ ይቆጠርለታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት። የተለመደው ምክር «ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጤና ምርመራውን አድርጉ» ነው። ትክክል ነው። 20 ሰዓት ከበረሩ በኋላ የጤና ፈቃድ መከልከል ያንገበግባል። ነገር ግን ስፖርት ፓይለት በአሜሪካ ቀን ቀን ለመብረር የመንጃ ፈቃድ እንደ ጤና ማረጋገጫ ያገለግለዋል። ይህ መብት የሚጠፋው መቼ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ለኤፍ.ኤ.ኤ. የጤና ፈቃድ አመልክቶ የተከለከለ እንደሆነ። ያላመለከተ ሰው ይበራል፤ አመልክቶ የወደቀ አይበርም። ስለዚህ ልቡ ወይም የሚወስደው መድኃኒት የሚያሳስበው ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የአቪዬሽን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ለምክር ብቻ ይጠይቅ። ቅጹ አንዴ ከገባ ወደ ኋላ የለም።

ግቡ አየር መንገድ የሆነ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። የፓርት 141 የሰዓት ቅናሽ ትርጉም የሚኖረው ከግል ፓይለት በኋላ ነው። ለንግድ ፓይለት ፓርት 61 250 ሰዓት ሲጠይቅ ፓርት 141 190 ላይ ይደርሳል። የ60 ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም። የግል ፓይለቱን በ61 ጨርሶ ቀጣዮቹን በ141 መቀጠልም ይቻላል። የማያዋጣው መሀል ላይ መዝለል ነው። የጀመሩትን የ61 ሥልጠና ሳይጨርሱ ወደ 141 ቢገቡ የሚታሰብላችሁ ከኮርሱ ቢበዛ ሩቡ ነው። ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ ለሥልጠና የሚሄድ ደግሞ ምርጫው ከመነሻው ይጠብበታል። ለተማሪ ቪዛ የሚያበቃ ወረቀት የሚሰጡት የመንግሥት ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ እነዚህም በአብዛኛው 141 ናቸው።

በአውሮፓ ይኸው ጥያቄ «ኢንተግሬትድ ወይስ ሞጁላር» ተብሎ ይነሳል። ኢንተግሬትድ ከዜሮ ጀምሮ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በሙሉ ጊዜ፣ እስከ ንግድ ፈቃድ የሚወስድ ነው። ሞጁላሩ ደረጃ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ የግል ፓይለት፣ ቀጥሎ የሌሊት፣ ቀጥሎ የመሣሪያ፣ እያለ። ኢንተግሬትድ የገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ የግል ፓይለት ፈቃድ አይሰጠውም፤ የሚያገኘው የመጨረሻውን ነው። ገንዘብ ወይም ጤና መሀል ላይ ቢያቆመው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ሞጁላሩ ቢያቆም ቢያንስ ያለውን ይዞ ይበራል።

የቅድሚያ ክፍያም መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 መቀመጫው ኔቫዳ የነበረው ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የተባለ ትልቅ የበረራ ትምህርት ቤት በድንገት ተዘጋ። ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ነበሩት፤ ብዙዎቹ የኮርሱን ገንዘብ ተበድረው ቀድመው የከፈሉ ናቸው። ሥልጠናው ቀረ፣ ዕዳው ቆየ። ሙሉውን ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ የሚል ትምህርት ቤት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን በየበረራው ወይም በየጥቂት ሰዓቱ መክፈል የሚቻልበት ካለ ቅናሹ ይቅር።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ሥራ አስኪያጁ የሚነግራችሁን አዳምጡ፤ ከዚያ ወጣ ብላችሁ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ባለፉት ወራት የጨረሰ ሰው በስንት ሰዓት ጨረሰ? ስንት አስተማሪ ተቀያየረበት? ስንት ተማሪ ለስንት አውሮፕላን አለ? የቅዳሜ ቀጠሮ ከስንት ቀን በፊት ይሞላል? አውሮፕላን ሲበላሽ መካኒኩ ግቢው ውስጥ ነው ወይስ ከሌላ ከተማ ይመጣል? መጨረሻ ላይ ደግሞ የፈታኙን ነገር ጠይቁ። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ቼክራይድ የሚያካሂዱ ፈታኞች እጥረት ስላለ ወረፋው ሳምንታት ይወስዳል። ያን ጊዜ ሁሉ ተማሪው እጁ እንዳይበርድ ሲበር፣ ሲከፍል ይቆያል። ከ141 ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ተማሪያቸውን ራሳቸው እንዲፈትኑ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ያ ካለ ከወረፋው መውጣት ማለት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ካለው 35 ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚቆጥበው እሱ ሊሆን ይችላል።